ላቀው ያልተናገረው

ሃምሳ አለቃ ደበሌን ሸማኔ ብሎ የሰደበው ሻምበል ፈቃደ ነው። ጊዜውም የ1974 ዓ.ም. የመስቀል ማግስት፣ ቦታውም የጣቢያው በር ላይ። «ወንጀል መመርመር ድርና ማግ ማገናኘት መሰለህ እንዴ? አንተ ሸማኔ!» አለው። ቆመው የነበሩት ፖሊሶች ሳቁ። ደበሌ የሳቁትን በሙሉ በስም ያውቃቸዋል። አንዱ ሞቷል። እሱንም ይቅር አላለውም።

በ1976 ግንቦት ላይ ያው ሻምበል ጠራው።

«ኩልፎ ወንዝ ዳር ሬሳ ተገኝቷል። ሂድና እይ። ሙዝ እርሻው ውስጥ ውኃ ለቀውበታል አሉ፤ እኔ ጫማዬን ጭቃ አላስነካም።»

የደበሌ ጫማ ጫማ አይደለም ማለት ነው። ሄደ።

ሬሳው በሙዝ እርሻው መሃል፣ በጠባቂ ጎጆ ውስጥ ነበር። ሁለት እጆቹ በነጠላ ቅዳጅ ከምሰሶው ጋር ታስረዋል። ከንፈሩ ጠቁሯል። እግሩ ሥር አንድ ጠርሙስ ጸበል ተቀምጧል።

ደበሌ አወቀው። ላቀው ነው። ኦጋዴን ቆስሎ መጣ፤ ከዚያ በቁስለኞች ማገገሚያው የመድኃኒት መጋዘን ተላላኪ ሆነ። ለቁስሉ ሞርፊን ጀመሩለት። ቁስሉ ዳነ፤ ሞርፊኑ ግን አለቀቀውም። ከተማው «መርፌው» ብሎ ስም አወጣለት። ሰው ሲወድቅ ስም ማውጣት ማን ይቸግረዋል!

ተንበርክኮ ክንዶቹን አገላበጠ። ግራው አሮጌ ጠባሳ በጠባሳ ነው። ቀኙ ንጹሕ ነው፤ ክርኑ እጥፋት ላይ ብቻ አንድ ትኩስ ቀዳዳ አለ።

የታሰረ ሰው ራሱን አይወጋም።

የሟች እህት ወርቂቱ ደጅ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ሙቅ ይዛለት መጥታ ያገኘችው እሷ ናት።

«ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ማታ ብቻውን ስንተወው ራሱ እሰሪኝ ይላል። እንዳልወጣ ብሎ። ጸሎት ላይ ነበርን።»

«ጸሎት ቤታችሁ ታሽጎ የለም?»

«ለሱ እኮ ነው ሙዝ ውስጥ የገባነው።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት ወር አለፈው። መርፌ አልነካም። መብላት ጀምሮ ነበር፣ ጋሼ። መሳቅ ጀምሮ ነበር።»

ሻምበሉ ይህን ሲሰማ ልጅቷን አሰራት።

«ጴንጤዎቹ አስረው በጾም ገደሉት። አለቀ።»

«ጌታዬ፣ መርፌ ተወግቷል።»

«ሱሰኛ አይደል እንዴ? ምን ይወጋ ታዲያ፣ ጦር?»

«እጁ ታስሮ?»

ሻምበሉ ሲጋራውን ለኮሰ። «እስከ ዓርብ ሌላ ሰው ካመጣህ አመጣህ። ካላመጣህ በነፍስ ግድያ አዲስ አበባ ትላካለች። ከዚያ ወዲያ እኔም አላያት፣ አንተም አታያት።»

ደበሌ ከሟች ሚስት ከውቢት ጀመረ። የጎንደር ሰው ናት፤ ሲቀላ ሰፈር ትኖራለች።

«ጠርሙሱ የኔ ነው። አልክድም» አለች ገና ሳይጠይቃት።

«ጎጆውን ማን አሳየሽ?»

«ወርቂቱን ተከትዬ ነዋ! ባሌን ደብቃ ጴንጤ ልታደርገው! ትናንት ከሰዓት ሄጄ ጸበሉን አጠጣሁት። ጸበል ሰው ይገድላል? በል ንገረኛ!»

«አይገድልም።»

«ፊትም ጸበል አስገብቼው ነበር። በሰንሰለት ታስሮ ሱባኤውን ጨረሰ፤ ዳነ ብዬ እልል አልኩ። ከተማ እንደገባ ተመልሶ ያዘው።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ትናንት ግን ‹ውቢቴ፣ ዘንድሮ ቤቴ እገባለሁ› አለኝ። ዓይኑ የድሮው ዓይኑ ነበር።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ አላፈረም።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ሱስ የቡርዧ በሽታ ነው፤ በላብ ይወጣል። አሰርነውና ድንጋይ አስፈለጥነው።»

«ወጣለት?»

«ትውከት ወጣው። ሊሞትብን ሲል ለእህቱ አስረከብነው። ባለቤቱ ደግሞ በሩ ላይ ስትጮኽ ነበር፣ ለኔ ስጡኝ ብላ።»

የመጋዘኑ ኃላፊ ተክለጻድቅ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ተቀምጧል። ለደበሌ ወንበር አላሳየውም።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ስድስት።»

«እንግዲያው ቀስ ብዬ ላስረዳህ። እኔ ልኩን በየሳምንቱ እየቀነስኩ ሳወርደው ነበር። ሳይንሱ እንደሱ ነው፤ መርፌን በመርፌ ታስለቅቃለህ። ጸበሉም፣ ጸሎቱም፣ ድንጋይ ፈለጣውም በአንድ ጊዜ ይቆርጡታል። ሲቆረጥ ሰውነት የለመደውን ይረሳል። ከዚያ ሰውየው የድሮውን ልክ ቢወስድ ትንፋሹ ጸጥ ይላል። እህቱ ናት የገደለችው፣ ባለማወቅ።»

«የድሮ ልኩን ማን ያውቃል?»

ተክለጻድቅ ብልቃጥ አነሳ፤ አስቀመጠ። «ራሱ ነዋ።»

«መቼ አዩት?»

«ቀበሌ ከወሰደው ወዲህ አላየሁትም። የት እንደገባም አልሰማሁ።»

ደበሌ ወደ እስር ክፍሉ ተመለሰ። ወርቂቱን በጋሞኛ አናገራት።

«ጸሎቱ ሲያበቃ ምን ልታደርጉት ነበር?»

«ቅዳሜ ዱቡሻ ሊቆም።»

ዱቡሻ የአገሩ ሰው ሣር ላይ ተቀምጦ የሚማከርበት፣ የሚታረቅበት፣ ጥፋተኛም ጥፋቱን በአደባባይ የሚናገርበት ሜዳ ነው።

«ጴንጤ አይደለሽ?»

«ነኝ። የአገር አባቶች ግን ያጠፋውን ካልተናገረ በሽታው አይለቀውም አሉ። ይናገር አልን። በሁሉም በኩል ይዳን ብለን ነው።»

ደበሌ የዶርዜ ልጅ ነው። በሚያውቀው ደንብ ሰው በሌለበት ስሙ አይነሳም። ስሙ የሚነሳበት አስቀድሞ ይጠራል፤ መጥቶ ይስማ፣ መልስ ካለውም ይመልስ። ሻምበሉ ይህን መቼም አይጠይቅም።

«ማንን ጠራችሁ?»

«አንድ ሰው ብቻ። የመጋዘኑን አቶ ተክለጻድቅን። ሽማግሌውን ደግፌን ልኬ።»

ደግፌን እርሻቸው ላይ አገኛቸው።

«ነገርኩት» አሉ ሽማግሌው። «ላቀው የመጋዘኑን ነገር ሊናገር ነውና ና ስማ አልኩት። ደግ ሰው ነው፣ ሻይ አጠጣኝ። የት ነው ያለው፣ ሄጄ ልጠይቀው አለኝ።»

«ነገሩት?»

«ጠየቀኛ! ለዱቡሻ ጥሪ የሄደ ሰው ይዋሻል እንዴ?»

ደበሌ ሽማግሌውን ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ።

«እኚህን ያውቋቸዋል?»

«ብዙ ሰው ይመጣል» አለ ተክለጻድቅ።

«ልጄ» አሉ ደግፌ፣ አዝነው፤ «ሻይህን ጠጥቻለሁ እኮ።»

ተክለጻድቅ ቀና አላለም። ደበሌ ሐኪም አስጠርቶ ሣጥኖቹን አስፈተሸ። ለቁስለኞች ከተቀመጠው ሞርፊን አብዛኛው ብልቃጥ ውስጥ ያለው ውኃ ነበር።

ያን ጊዜ ተክለጻድቅ እንደቆመ ተናገረ።

«ቁስለኛ ሁልጊዜ ይጮኻል። ውኃም ወጋኸው፣ መድኃኒት ወጋኸው፣ ማን ይለያል? ደህናውን ላቀው ነበር ወጥቶ የሚሸጥልኝ። የሱን ድርሻ በመርፌ እሰጠው ነበር። እሱ ዱቡሻ ላይ ቢናገር፣ የሠራዊት መድኃኒት የሸጠ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ። ጥይት ነው።»

«እየቀነስኩ አወርደው ነበር ያልከውስ?»

«አልቀነስኩለትም። ከቀነስኩለት ማን ይላላክልኛል?»

«እንዴት ወጋኸው?»

«ቪታሚን ነው፣ ያጠነክርሃል አልኩት። እጄን ፍታልኝ እንኳ አላለም።» ተክለጻድቅ አፉን ጠረገ። «አመሰገነኝ።»

ሻምበሉ ሪፖርቱን በራሱ ስም ላከ። ደበሌ ይህንንም በልቡ ያዘው።

«ልጅቷስ፣ ጌታዬ?»

«ግድያው ሌላ፣ ሕገወጥ ስብሰባው ሌላ። ትቆይ።»

«እስከ መቼ?»

ሻምበሉ ስልክ አነሳ።

ደበሌ ወደ እስር ክፍሉ መስኮት ሄደ። ወርቂቱ ከግድግዳው ተነስታ ቀረበች።

«ያዝነው። ተክለጻድቅ ነው።»

አላለቀሰችም።

«ጎጆውን ማን አሳየው፣ ጋሼ?»

«ሽማግሌው። ተጠይቀው።»

«ሽማግሌውን የላክሁት እኔ ነኝ።» የመስኮቱን ብረት በሁለት እጇ ያዘች። «ሳይጠሩ ሰውን ማንሳት ነውር ነው ብዬ። ድኖ ነበር እኮ። ባልጠራው ኖሮ ቅዳሜ ይቆም ነበር?»

ደበሌ ኮፍያውን አደረገ።

«ጋሼ ደበሌ፣ ንገረኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ፊቱን አዞረ። ኮሪደሩን ይዞ ሄደ።