ሻኛ ውስጥ የሌለው ውሃ

«ግመል ስንት እግር አላት?» አለ ጃማ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ የውሃ ሮቶ ጥላ ሥር ቆሞ። «ይሄ አንደኛ ጥያቄ። የሚከብደው አለ?»

«ስትታሰርስ?» አለች ሂንዳ። «አባቴ ቀብሪበያ ገበያ አንዱን እግሯን አጥፎ ሲያስራት ሦስት ነው የሚታየው።»

«አቦ ሂንዳ፣ አታካብጂ!»

ነገሩን ያመጡት የባዮሎጂ መምህርቷ ቲቸር ካሳነሽ ናቸው። «የረቡዕን ፈተና የምታወጡት እናንተ ናችሁ» አሉ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጥያቄ ከነመልሱ ይጽፋል፤ መልሱን እንዴት እንዳወቀም ይገልጻል። መልስ የሌለው ጥያቄ ያመጣ አምስት ማርክ ያጣል። የክፍል አለቃው ጃማ ይህን እንደ ሰማ ዘጠነኛ ቢን ሰብስቦ አምስት ቀላል ጥያቄዎች አከፋፈለ።

ለክፍል ጓደኛቸው ለኤብላ የደረሳት «ግመል ውሃ የምታጠራቅመው የት ነው? መልስ፦ ሻኛዋ ውስጥ» የሚል ነበር።

«እንዴት አወቅሽ ለሚለው ምን ልበል?» አለችው ጃማን።

«ሁሉም ሰው ያውቃል በያ!»

ባለፈው ፈተና ከሃያው ሰባት ብቻ ያመጣችው ኤብላ፣ ለአምስት ማርክ ስትል ግመል ትበራለች ቢሏትም ትጽፍ ነበር። ጻፈች። ያውም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ።

ከሰዓት በኋላ ወደ እናቷ ምግብ ቤት ሄደች። እዚያ የእሷ ሥራ የግመል ሻኛ መክተፍ ነው። ሁለት ዓመት ስትከትፍ ውስጡን ልብ ብላ አይታው አታውቅም። ያን ቀን ቢላዋዋ መሃል ላይ ቆመ። ነጭ ስብ ነው። ገልብጣ አየችው፤ እሱም ስብ። በሁለት እጇ ጨመቀችው።

«ሆዮ» ስትል እናቷን ጠራች፤ «ሻኛ ውስጥ ውሃ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ውሃ ቢኖረው ቦቴ ስጠብቅ እውል ነበር?»

ኤብላ እጇን ታጥባ ከደብተሯ ሌላ ወረቀት ቀደደች።

ማክሰኞ ቲቸር ካሳነሽ በየወንበሩ እየዞሩ ወረቀቱን ተቀብለው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። ሁሉም በመጨረሻ ሰዓት ሐሳቡን ቀይሮ ኖሯል፤ ከአምስቱ በጣም ቀላሉን መርጧል። «ግመል ስንት እግር አላት?» «ግመል ስንት እግር አላት?» አሥራ ሰባተኛው ላይ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቺ ግመል እግሯ በዛ» አሉ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ኤብላ ዘንድ ሲደርሱ ሁለቱም ወረቀቶች እጇ ላይ ነበሩ። ከፊቷ የተቀመጠው ጃማ ዞሮ ዓይኑን አፈጠጠባት። አዲሱን ሰጠች።

«ሻኛው ስብ ብቻ ከሆነ፣ ግመል ያለ ውሃ ይህን ያህል ቀን እንዴት ትቆያለች?» ሲሉ አነበቡ። «መልስ፦ አላውቅም። ስብ መሆኑን እንዴት አወቅሁ፦ ቆርጬ አየሁ። ጨምቄዋለሁም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ጨመቅሺው?»

«አዎ ቲቸር። ምንም አልወጣም።»

ቲቸር ወረቀቱን መልሰው አዩት። «መልስ ከሌለው ማርክ የለውም ብዬ ነበር።»

«ብለዋል።»

«እጅሽ ላይ ሌላ ወረቀት ይታየኛል።»

ከጎኗ የተቀመጠችው ሂንዳ በጠረጴዛው ሥር ረገጠቻት። «ስጪያቸው በናትሽ!»

ኤብላ ወረቀቱን አየችው። አምስት ማርክ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችው፤ በባዶው ገጽ ላይም መጻፍ ጀመረች፦ «ቅዳሜ ጠዋት፣ ቄራ። የግመሏን ሆድ ማየት። ኩላሊቷን ማየት። አራጁን መጠየቅ።»

ቲቸር ካሳነሽ ከላይ ሆነው አነበቡት። «መልሱን እስክታመጪ ዜሮ ነው» አሉና ወደሚቀጥለው ወንበር አለፉ።

«ናያ፣ አንቺ» አለ ጃማ በሹክሹክታ። «ቄራ አጎቴ አለ። እኔም እመጣለሁ።» ትንሽ አሰበና ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «እግሯ ግን... አራት ነው አይደል?»

ኤብላ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች፦ «እግር፦ ጃማ ይቆጥራል።»