ደም ቅዳ

«ይቅርታ፣ እኔ ሴት ነኝ» ይላል ከማዳመጫው የሚመጣው ድምፅ። ቀጭን ነው፣ ይንቀጠቀጣል። «ጥያቄ አራት ላይ "ደም ቅዳ" ይላል። ለወንዶች ብቻ ነው እንዴ? ለኛስ "ቅጂ" ማለት አልነበረበትም? ደግሞ ከማን ነው የሚቀዳው? እማዬ በኔ ቤት ደም የሚባል ነገር አይቀዳም ብላለች። ጥያቄ አምስት ደግሞ "ደም መልስ" ይላል። ሳልቀዳ ምኑን ልመልስ?»

ቁንዶ በሳቅ ተንፈራፈረች። ድምፅ እንዳያመልጣት ቁልፍ የምትተክልበትን ሱሪ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው።

«አንቺ!» አለች እናቷ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳትል። «የሰው ሱሪ ነው እሱ። ቁልፉን ስፊ አልኩሽ እንጂ ብዪው መች አልኩሽ?»

«እየሰፋሁ ነው እኮ እማ።»

«በጆሮሽ ነው የምትሰፊው? ንቀይው ያን ነገር!»

ቁንዶ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ነቀለች። የሌላውን ተወችው። እናቷ ያለችው «ንቀይው» ነው፣ «ሁለቱንም» አላለችም።

ደም ቅዳና ደም መልስ የደም ቧንቧዎች ናቸው፤ አንዱ ደም ከልብ ይወስዳል፣ ሌላው ወደ ልብ ይመልሳል። ሹሩባ ግን ይህን ድምፅ ስትልክ ገና ትንሽ ልጅ ስለነበረች ትእዛዝ መስሏት ቁጭ አለ። ሹሩባ የቁንዶ የወንበር ጓደኛ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ላጲስ ለሁለት እየገመሱ የኖሩ። ቁንዶ ደግሞ ቁንዶ የተባለችው ትንሽ ሆና ስለምታቃጥል ነው። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት።

ድምፁ የተላከበትን የቴሌግራም ግሩፕም የከፈተችው ያቺው እህቷ ነበረች፣ ፕሮፍ ከሚሏት ጓደኛዋ ጋር። ስሙ «እንደገና» ይባላል። የሰፈር ልጅ ሁሉ ያልገባውን የቤት ሥራ ይዞ ይገባል፤ መልሱን ግን የሚልከው በጽሑፍ ሳይሆን በድምፁ ነው። «አፋችሁ ላይ ካልመጣ አታውቁትም ማለት ነው» ትል ነበር ፕሮፍ። የተሳሳተ ሰው «እንደገና» ይባላል፤ በቃ። ሹሩባ ያንን ድምፅ የላከች ቀን የቁንዶ እህት «እንደገና፣ የኔ ቆንጆ» ብላ የልብ ሥዕል በእጇ ሥላ ላከችላት። ፕሮፍም «እኔም እስከ ስድስተኛ ክፍል ትእዛዝ ይመስለኝ ነበር» አለች። ዋሽታ ነው፤ ፕሮፍ ስትወለድም ያወቀች ነበረች።

ከዚያ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ግሩፑን ለአለቃ አስረከቡት። አለቃ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ በሒሳብ የሚቀድመው የለም፣ ስልክ ከእጁ አይወርድም። ለቁንዶም ትንሽ ሥልጣን ደረሳት፤ የሰው መልእክት ማጥፋት ትችላለች።

አለቃ ክፉ አልነበረም፤ ሰልችቶት ነበር። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ማባዛት ሲሳሳት «እንደገና» ብሎ ጻፈለትና ከጎኑ የሚስቅ ፊት አስቀመጠ። አንድ የሚስቅ ፊት ብቻ። በማግስቱ ሌሎችም ደረደሩ። ከዚያ «የሳምንቱ እንደገና» መጣ፦ ከድሮዎቹ ድምፆች አንዱ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ይቆረጣል፣ ይለጠፋል፣ ሳምንቱን ሙሉ ሙድ ይያዝበታል። የግሩፑ ሰው እንደ ጉድ በዛ። ጥያቄ የሚጠይቅ ግን ጠፋ፤ ሁሉም የሚጠብቀው የሚሳሳት ሰው ነበር።

ቆፋሪዋስ? ቁንዶ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ስለነበረች ማን መቼ ምን እንደተሳሳተ ታስታውሳለች። መጨረሻው ላይ የራሷን ድምፅ እንደ በሬ አወፍራ «እንደገናአአአ!» ትልበታለች። ያቺ በሬ ማን እንደሆነች ከአለቃ በቀር የሚያውቅ የለም። እንዲያውም አንዱ ልጅ ድምፄ ይጥፋልኝ ብሎ ሲለምን «ድምፅ ያስጠፋም ያጠፋም የሚቀጥለው ሳምንት ተረኛ ነው» የሚለውን ሕግ ያወጣችው እሷ ናት። ስትጽፈው ስቃለች።

«ቁንዶ» ብሎ ጽፎላት ነበር አለቃ ያን ቀን፣ «የባለፈው ቀዝቃዛ ነበር። እሳትሽ ጠፋ እንዴ?»

ስለዚህ የሹሩባን ድምፅ ቆረጠች፣ በሬዋን ጨመረች፣ ላከችለት። ስም የለበት፣ የድሮ ድምፅ ነው፣ ማን ያውቀዋል ብላ።

«ገደልሽኝ!!! ማናት ይቺ?»

አውራ ጣቷ አየር ላይ ቆመ። እናቷ ክር በጥርሷ በጠሰች። መኪናው ተክ ተክ ተክ አለ።

«ሹሩባዋ ልጅ» ብላ ጻፈችለት።

ሁለት ቃል ነው። ለመጻፍ ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም።

አለቃ ማታውኑ ከነስሟ ለጠፈው። በማግስቱ ጠዋት ወንዶቹ የውኃ ኮዳቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈው ሹሩባን ጠበቋት።

«ሹሬ፣ ቅጂልን!»

«ኧረ መልሽ፣ አፈሰስሽው!»

«እናትሽ ፈቅዳልሻለች ግን?»

ሹሩባ መጀመሪያ አብራቸው ሳቀች። ሰው ሲስቁበት መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው። ከእረፍት መልስ ግን አንዱ ቀይ ቀለም በውኃ በጥብጦ ወንበሯ ላይ አፈሰሰ፤ እሷም ሳታይ ተቀመጠችበት። የሥነ ሕይወት መምህሩ ከሰው ሁሉ መርጠው «አንቺ፣ ወደ ሰሌዳ» አሏት። ተነሣች። ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ ጠመኔ አነሣች።

ክፍሉ ፈነዳ።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አሉ መምህሩ። ማንም አልነገራቸውም። ሹሩባ እጇን ወደ ኋላ ልካ ጉርዷን ዳሰሰች፤ መዳፏ ቀይ ሆኖ ተመለሰ። ዞር ብላ ያየችው ወንዶቹን አልነበረም። ቁንዶን ነው።

ቁንዶም እየሳቀች ነበር። ትንሽ። ከንፈሯ ነው ራሱ የሳቀው።

በምሳ ሰዓት መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ሹሩባ ሹራቧን ወገቧ ላይ አሥራ እጇን ታጥባለች። ቀለሙ ጥፍሯ ሥር ገብቷል።

«አንቺ ሥልጣን አለሽ አይደል?» አለች፣ ከውኃው ዓይኗን ሳታነሣ። «አጥፊልኝ።»

«እሞክራለሁ።»

«ዛሬ።»

«እሺ፣ ዛሬ አልኩሽ።»

ሹሩባ ቧንቧውን ዘግታ ረጅም ጊዜ አየቻት። አንድ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ቁንዶ ፀጉሯን በመስታወቱ አስተካከለች።

ለአለቃ ስትጽፍለት ወዲያው መለሰ። «አጥፊው፣ ምን ቸገረኝ። ግን ሕጉን ታውቂዋለሽ፣ ያንቺ ነው። ደግሞ ላንቺ የሚሆን ነገር አስቀምጫለሁ።» ከሥሩ አንድ ድምፅ ላከ።

ቁንዶ ከፈተችው። ድሮ የራሷን መልስ ስትቀዳ ከጀርባ እናቷ ገብታ ነበር፤ ልጇን ልታግዝ መጽሐፉን አንሥታ ፊደል በፊደል ስትቆጥር ይሰማል። «የ... ው... ኃ... ው... ውድድር። የውኃ ውድድር ምንድን ነው ይላል፣ ልጄ።» መጽሐፉ ላይ ያለው «የውኃ ዑደት» ነበር። ያኔ ማንም አልሳቀም። ፕሮፍ «ከእናት ጋር የሚያጠና ሰው ታድሎ» ብላ ነበር የጻፈችው።

ቁንዶ ድምፁን ዘጋችው። እናቷ የስፌት ሱቅ የሚመጡት ደንበኞች ልጆች ሁሉ ግሩፑ ውስጥ ናቸው። እናቷ የደንበኛ ልክ በቃሏ ይዛ፣ ደረሰኝ ሲመጣ «መነጽሬን ረሳሁ፣ አንቺ አንብቢው» እያለች፣ ይኸው ስንት ዘመኗ። መነጽር ኖሯት አያውቅም።

እህቷ ጋ ደወለች።

«ቁንዶዬ! ቶሎ በዪ፣ ልንወጣ ነው።» ከጀርባዋ ሙዚቃና ጫጫታ አለ።

ቁንዶ ነገሩን ከመጀመር ይልቅ የሹሩባን ድምፅ አሰማቻት።

«ውይይይ! ደም ቅዳ!» እህቷ በሳቅ ወደቀች። «ረስቼው! ፕሮፍ፣ ነይ ስሚ፣ ሞትኩልሽ!» ፕሮፍም ሳቀች። ሁለቱም እንደዚያ ሲስቁበት ቁንዶ ሰምታ አታውቅም።

«ሙድ እየያዙባት ነው» አለች ቁንዶ። «ግሩፑ ላይ። ቀይ ቀለም አፈሰሱባት።»

«ያ ግሩፕ አሁንም አለ እንዴ?»

«አንቺ ነሽ እኮ የከፈትሽው።»

«እኔ ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ! ባክሽ የልጅ ነገር ነው፣ ይረሱታል። አንቺም ውጪና ተገላገዪ። በይ ቻው፣ እማን ሳሚልኝ።»

በማግስቱ ሹሩባ በአሮጌ ቀሚስ መጣች። ዩኒፎርም አልለበስሽም ተብላ በር ላይ ቆማ ቆይታለች።

«አላጠፋሽውም» አለች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ።

«አለቃ እምቢ አለ። ለመንኩት፣ በናትህ አልኩት፣ ወይ ፍንክች...»

«እሺ።»

«እውነቴን ነው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።» ሹሩባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ድምፅሽን ብታቀጥኚውም ብታወፍሪውም አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ጎኔ ተቀምጠሽ ለፍልፈሽብኛል። ገና ትናንት ጠዋት ስከፍተው ነው ያወቅሁሽ።»

ቁንዶ ደብተሯን ዘጋች።

«ታዲያ ለምን አጥፊልኝ አልሽኝ?»

«ታጠፊው እንደሆነ ልይ ብዬ።»

መጻሕፍቷን ሰበሰበች። የኋላው ረድፍ ላይ ውኃ ኮዳ ከሚያንቀጫቅጩት ወንዶች አጠገብ ባዶ ወንበር ነበር። ከቁንዶ ጎን ከመቀመጥ እሱን መረጠች።

ከሰዓት በኋላ ቁንዶ ሱቅ ስትገባ እናቷ አንድ ጉርድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መቀመጫው ጋ ያለውን ጨርቅ እየተረተረች ነበር። ቀዩ ወደ ሮዝ ሄዷል እንጂ አልለቀቀም።

«የጓደኛሽ ነው» አለች እናቷ። «እናቷ ስታጥበው አድራ አመጣችው። ልጅቷ ምን እንደነካት አልናገርም ብላለች አሉ። አንቺ ታውቂያለሽ?»

ቁንዶ ቆመች። ዓይኗን በጨው አጥባ «አላውቅም» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ሆነ። ሁሉንም ተናገረችው፦ በሬዋን፣ ሁለቱን ቃል፣ አለቃ ያስቀመጠውን። የውኃ ውድድሩን ድምፅም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አሰማቻት።

እናቷ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«መቼ ነው የቀዳሽኝ?»

«ድሮ። ሳላስበው ገብተሽበት ነው።»

«ሰዉ ሁሉ ሊሰማው ነው?»

«የሹሩባን ካጠፋሁት አዎ። ላጥፋው? አንቺ በዪኝና...»

«የሰውን ልጅ አደባባይ ስታወጪ ጠየቅሽኝ?» እናቷ መተርተሪያውን አነሣች። «አሁን የምትጠይቂኝ እኔ አትንኪው ብልሽ ልብሽ እንዲያርፍ ነው። እኔ ምንም አልልሽም። ሂጂ ከፊቴ።»

ቁንዶ ከደጅ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አለቃ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ነው፤ እዚያ ስልክ ይሰበሰባል። የሹሩባን አጠፋችው። ሰባት ሰው አስቀምጦት ኖሮ መልሶ ለጠፈው፤ የሰባቱንም አጠፋች። ስድቡ ይንጋጋ ጀመር። «ተረኛ! ተረኛ!» የእናቷ ድምፅ አለቃ እጅ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። እሱን የምትመልስበት መንገድ የላትም።

ከዚያ በግሩፑ ውስጥ ወደ ላይ ወጣች። ወደ ኋላ፣ ወደ ድሮው። የመንታዎቹ ክፍልፋይ፤ የጫማ ሰፊው ልጅ እያለቀሰ የደገመው የግስ እርባታ፤ እሷ ራሷ በጉንፋን ድምፅ ያነበበችው ድርሰት። ነገ ሌላ ቆፋሪ አይጠፋም። እየከፈተች ሳይሆን እየነካች፣ አንድ በአንድ ታጠፋቸው ጀመር። ከእያንዳንዱ ሥር «ጎበዝ» የሚሉት የእህቷና የፕሮፍ ድምፆችም አብረው ሄዱ።

ከጀርባዋ የስፌት መኪናው ቆሞ ነበር።

ከሁሉም በላይ የቀረው የመጀመሪያው ቀን ድምፅ ነበር። እሱን ብቻ ከፈተችው።

«ሄሎ፣ ይሰማል?» አለች እህቷ፣ በልጅ ድምፅ። «እንኳን መጣችሁ። እዚህ ማንም በማንም አይስቅም፣ እሺ?»

ቁንዶ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ልታጠፋው ጣቷን ድምፁ ላይ አሳርፋ ተጫነችው።