አንድ ሰው የቀረው

ሁላችሁም ገባችሁ? እንግዲያው በሩን ግጠሙና ተጠጉ። ማነው እዚያ ጥግ «አንድ ሰው ይቀራል» ያለው? ምነው፣ በጨለማ እንዲህ ያለ ቃል ይወጣል? እሺ፣ አንዴ ወጥቷል። ተቀመጥ።

ድሮ ነው። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ሰዓቱ ከሌሊቱ አሥር። ጨለማው እንዴት ያለ መሰላችሁ? ጅብ መንገድ ጠፍቶት ጅብ የሚጠይቅበት ጨለማ። በዚያ ጨለማ ዱካሞ የሚባል የአውቶቡስ ረዳት ወደ መናኸሪያ ይሄዳል። ከማን ጋር? ብቻውን። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ብቻውን።

ለምን ቸኮለ? ዲንቄን ሊያገባ ነዋ። ሽማግሌ ቢልክ አባቷ አቶ ሌንጂሶ ምን አሉ? «ረዳት ውሸታም ነው ይባላል። የቃሉ ሰው ከሆነ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ደጄ ልየው። ካለፈ ልጄን ይርሳት።» ወደ ዲንቄ መንደር የሚሄደው ደግሞ የዱካሞ አውቶቡስ ብቻ ነው። እሱም ካልሞላ ንቅንቅ አይልም።

የመናኸሪያው መጠለያ ግድግዳ ላይ ሥዕል አለ። የሣለችው ከካሪቢያን ደሴቶች መጥታ እዚያች ከተማ የከተመችው ሚስ ኡና ናት። «ባሕር ስንሻገር ሻንጣችን ጠፋ፤ ተረታችን አልጠፋም» ትል ነበር። ተሳፋሪው ቆሞ ሲጠብቅ እንዲያያቸው የአገሯን የተረት ሴቶች በቢጫና በአረንጓዴ አሰለፈቻቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በወርቅ ማበጠሪያ የምታበጥር የወንዝ እናት አለች። ቆዳዋን አውልቃ እሳት ሆና የምትበር አሮጊት አለች። መሐል ላይ ደግሞ ሰፊ ባርኔጣ የደፋች፣ ቀሚሷ መሬት የሚጠርግ ቆንጆ። ቀሚሷ ለምን ረዘመ? አንዱ እግሯ የሰው ነው፤ አንዱ የላም ሰኮና።

ሚስ ኡና ቀለሙ ሳይደርቅ አስጠንቅቃዋለች። «ወንድሜ ዱካሞ፣ ጎህ ሳይቀድ እሷ ፊት ቆመህ ሰው አትጥራ። በኛ አገር እሷ ትጠራለች፣ ወንድ ይከተላል። እሷን የጠራ ወንድ ግን እስከዛሬ አልሰማሁም።»

«ብጠራትስ?»

«እኔ እንጃ። ደስ ይላት ይሆናል።»

ዱካሞ ይሰማል? መናኸሪያ ሲደርስ የአውቶቡሱ ስድሳ ወንበር ባዶ ነው። ሥዕሉ ፊት ቆሞ አፉን ከፈተና ረዳት ሁሉ የሚጮኸውን ጮኸ፦ «ሞላ ሞላ፣ አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!»

መጀመሪያ ሽታ መጣ፤ የጨው ውሃና የእርጥብ ቀለም ሽታ። ቀጥሎ ድምፅ መጣ። ጠፍ… ቋ። ጠፍ… ቋ። ወደ ግድግዳው ዞረ። ባርኔጣው የነበረበት ቦታ ባዶ ኖራ ሆኗል። ከዚያ ትከሻዋ ጠፋ። ከዚያ ቀሚሷ። የዱካሞ ልብ እስከ አፉ ወጥታ በጥርሱ ነው የመለሳት።

«የቀረው አንድ ሰው እኔ ነኝ» አለች ከኋላው። በጥሩ አማርኛ። መናኸሪያ ከርማ አማርኛ ይጠፋታል?

ገባች። ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየች። «አንድ ብለሃል፤ መጣሁ። እንግዲህ ሞልቷል።»

ያኔ ሃምሳ ዘጠኙ ወንበር ባንዴ ሲጥጥ አለ። ማን ተቀመጠ? ማንም። መስኮቱ ግን በትንፋሽ ጉም ለበሰ፤ ጎማዎቹ በሸክም ሟሸሹ።

ሾፌሩ ጋሽ ቶላ መጥተው ሞተር ቢያስነሱ መኪናው አቃሰተ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። «አንተ ዱካሞ፣ ምንድነው የጫንክብኝ?»

«አየር ነው ጋሼ።»

አንድ ገበሬ ባዶ ወንበር አይቶ ሊቀመጥ ሲል «ጭኔ ላይ ነህ» የሚል ድምፅ ሰማና በመስኮት ወጣ። ሌላ ሰው ዝር አላለም። ሰማዩ መሳሳት ጀመረ። ዱካሞ ዲንቄን በዓይኑ እያያት ስትርቅ ታየው።

«ኧረ እመቤቴ፣ ምን ላድርግ?»

«ያልከውን አደረግሁልህ። ካልፈለግከው ቃልህን መልስ።»

ይህ ለረዳት ወፍጮ ከመዋጥ ይከብዳል። ዱካሞ በሩ ላይ ቆመ፤ ላቡ ጫማው ውስጥ ገባ። «ዋሽቻለሁ» ብሎ ጮኸ። «መኪናው ባዶ ነው! ስድሳ ሰው የቀረው!»

ወንበሮቹ ተነፈሱ፤ ጎማዎቹ ቀና አሉ። ሰዉስ? መናኸሪያው ከተሠራ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ከሌላ አውቶቡስ እየወረደ ተጋፋ። መኪናው አንድ ሳል ሳታስሉ ሞላ። ጉዳይ የሌላቸው ሰዎች ሁሉ ተሳፈሩ፤ አንዱ እንዲያውም ሌባ ሊያስር የመጣ ፖሊስ ነበር፤ ሌባውም አብሮት።

እሷ የት ተቀመጠች? የዱካሞ ወንበር ላይ። እሱ መንገዱን ሁሉ በአንድ እግሩ ቆመ።

ልክ በሦስት ሰዓት አቶ ሌንጂሶ ደጅ ደረሰ። አባትየው ሰዓታቸውን አዩ። «ብቻህን ነው የመጣኸው?»

ዱካሞ አዎ ሊል ነበር። ከኋላው ጠፍ… ቋ።

«ሁለት ነን አባቴ» አለ።

አቶ ሌንጂሶ በትከሻው ላይ አሻግረው አዩ። ያዩትን እስኪሞቱ አልተናገሩም። ብቻ ወደ ቤት ዞረው «እውነተኛ ልጅ ነው። ዲንቄን ስጡት፤ ቶሎ ይሂዱልኝ» አሉ።

ግድግዳው ላይ ያ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው። ሚስ ኡና መልሳ አልሣለቻትም። «የሚጠራት እስካለ ምን ልትሠራ ትመለሳለች?» አለች። እንግዲህ ልጆቼ፣ በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም አንድ ሰው ቀረ አትበሉ።

ቅድም ማነው ያለው?

ዝም በሉ እስቲ። የምትሰሙት ዝናብ አይደለም። ዝናብ በሁለት እግሩ አይራመድም።

ጠፍ… ቋ።

አንተ፣ ተነሥ። ቦታዋን ልቀቅላት።