ያየ አይጽፍም

«ያዘ» አለ አርቪ፣ ላፕቶፑን ወደ ሳይሚ እያዞረ። በስክሪኑ ጥግ የዋይፋዩ ምልክት በርቷል።

ሳይሚ ደስ ሊላት ሲል ድካሟ ቀደማት። የበረዶውን ወራት ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በኦውሉ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ካልሲዋን ማሞቂያው ላይ እያደረቀች የታገለችው ለዚች ምልክት ነበር። የኮምፒውተር ክበባቸው ማንም በነፃ ወስዶ የሚያሻሽለውና የሚያከፋፍለው ስርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም ያዘጋጃል። ነገ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሊጭኑት ነው። የቀረው ዋይፋዩን የሚያስነሳው ኮድ ብቻ ነበር።

«ራስህ ነህ የጻፍከው?»

«ታዲያ ማን ይጽፍልኛል? ክፍሉ የተሰጠው ላንቺ ነው፤ ስምሽን አስገቢበትና እንልቀቀው። ፊትሽ እኮ ገርጥቷል።»

በክበቡ ልማድ ኮድ የሚያስገባ ሰው ከሥሩ ስሙን ያኖራል። «ይህን ለመስጠት መብት አለኝ» ማለቱ ነው። ሳይሚ ልትጽፍ ስትል ዓይኗ ኮዱ ውስጥ ባለው የዋይፋይ ካርዶች ዝርዝር ላይ አረፈ። አምራቹ ኩባንያ እስካሁን የሸጣቸውን ካርዶች በሙሉ በቃሏ ታውቃቸዋለች። የመጨረሻውን ግን ሰምታው አታውቅም።

«ይሄኛው ገና ለገበያ አልወጣም። አንተ ከየት አወቅከው?»

አርቪ ጣቶቹን ማፍተልተል ጀመረ። «ወንድሜ እዚያ ነው የሚሠራው። ከላፕቶፑ ቀዳሁት። አታካብጂ ባክሽ፣ ኮዱ ውስጥ ያሉትን ስሞች እንቀያይራቸዋለን። ማን ያውቃል?»

«ኩባንያው ያውቃላ! ባለፈው ወር ለክበባችን መሪ ለታውኖ የላኩትን ማስጠንቀቂያ ረሳኸው? ኮዱን የምንለቅበት ድረ ገጽ በእሳቸው ስም ነው። ከተከሰሱ ቤታቸው ነው የሚሸጠው።»

«ልጆቹንስ ነገ ምን ልትያቸው ነው?»

ሳይሚ ፋይሉን ዘጋች፤ ኮዱ የመጣበትን ፍላሽ ነቅላ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ተናደድሽብኝ?»

«አዎ። ዋሽተኸኛል።»

አርቪ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ በቃ ራስሽ ጨርሺው። ያየሽው ትንሽ ነው። እኔም አልናገርም።»

ትንሽ ነው፤ ግን ከካርዱ ስም ሥር ያለውንም አንብባለች። ካርዱ ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት ለአፍታ መጠበቅ ነበረበት። ስትፈልገው የከረመችው ይኸው ነው። አሁን ብትቀመጥ ራት ሳይደርስ ትጨርሰዋለች፤ በስሟም ይወጣል። ታውኖ ግን ለአዲስ አባል ሁሉ የሚደግሙት ነገር አላቸው፦ የሰው ኮድ ያየ ያንን ክፍል አይጽፍም፤ ሳያስበው እጁ ይገለብጣል።

ሽማግሌው ታውኖ ክፍሉ ጥግ አንድ የተበላሸ ኮምፒውተር ፈታተው ተቀምጠዋል። ሳይሚ እግሯ እየከበዳት ሄደች።

«ታውኖ፣ የዋይፋዩን ክፍል ለሌላ ሰው ይስጡልኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ይህን ሁሉ የለፋሽበትን?»

«የኩባንያውን ኮድ አይቻለሁ።»

ከኋላዋ አርቪ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለ።

ታውኖ ሁለቱንም አይተው በረጅሙ ተነፈሱ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ። እንግዲህ ሌላ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። ነገ ኮምፒውተሮቹን በገመድ እናገናኛቸዋለን። ገመዱን የት ነው የጣልነው?»

ሳይሚ ከመደርደሪያው ሥር የተወሳሰበውን የገመድ ክምር ጎትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከአርቪ ጋር ማውራት አላሰኛትም። ገመዱ ግን ለአንድ ሰው ይበዛል። አንዱን ጫፍ ወደ እሱ ገፋችለት።

«ፍታ» አለችው።