ከባኞው ሥር መልስ የሚሰጠው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ሰው «ሕልም አየሁ» ሲለኝ «እራት አብዝተህ ነው» ብዬ የማሾፍ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ስነግራችሁ ሳትስቁ ስሙኝ።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ ምድር ቤት ባለች አፓርትመንት ብቻዬን ነበርኩ። ደባሌ አግብቶ ፌርፋክስ ከገባ ወዲህ «እንዴት ዋልክ» የሚለኝ ጠፍቶ፣ እውነት ልንገራችሁ፣ ዜና አንባቢው በቴሌቪዥን «ጉድ ኢቭኒንግ» ሲል «እንደምን አመሸህ» እለው ጀመር። ብቸኝነት ያዋርዳል።

አንድ የበጋ እሑድ፣ ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ መስፍን ቼሳፒክ ቤይ ዓሣ ሲያጠምድ ውሎ ባልዲ ተሸክሞ መጣ። ጭቃ የመሰለ፣ አፉ ሰፊ፣ ከመዳፌ የማይበልጥ እንቁራሪት መሳይ ዓሣ ባልዲው ውስጥ ከታች ተለጥፏል።

«ደባል አመጣሁልህ!» አለኝ እየሳቀ። «ለልጄ ላሳየው ነው፣ ዋይፌ ቤት አታስገባውም፣ እስከ ነገ አቆይልኝ።»

«ቅርፊት እንኳ የለውም እኮ።»

«ብላው መች አልኩህ?»

ባልዲውን ባኞው ውስጥ አስቀመጥኩት።

ፀሐይ ስትጠልቅ «እምምም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፍሪጁ መስሎኝ ሶኬቱን ብነቅል አልቆመም፣ ባኞ ቤት ብገባ ለካ ዓሣው ነው! መስፍን ኋላ እንደነገረኝ ወንዱ ከድንጋይ ሥር ሆኖ ሴቷን የሚጠራው እንዲህ ነው፣ «እምምም» ይላል፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጠራል። እመኑኝ፣ አንጀቴን በላው፣ ባልዲ ውስጥ ማን ሊመጣለት!

ይሄኔ ከባኞው የውሃ መውረጃ መልስ መጣ። ያው ድምፅ ነው፣ ግን ወፍራም፣ ቀስ ያለ፣ ባኞውን የሚያነዝር። ከኔ በታች ደግሞ ሌላ ቤት የለም። «ማነው?» ስል ሁለቱም ጸጥ አሉ፣ እኔም በሩን ዘግቼ መብራት እንደበራ ሶፋ ላይ ተኛሁ።

ጠዋት ባልዲው ውሃው ሙሉ ነው፣ ዓሣው የለም። ባኞው ደረቅ፣ የመውረጃው ወንፊት ጣቴን እንኳ አያሳልፍም። መስፍን «በላኸው አይደል፣ አንተ ሆዳም!» እያለ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ፊቴን አይቶ ግን ሳያዝንልኝ አልቀረም፣ ቤልትስቪል ውስጥ ሰው ያለበት ቤት ክፍል አገኘልኝ። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ልወጣ ስል እጄን ልታጠብ ገባሁና፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ባኞው ላይ ጎንበስ ብዬ «እምምም» አልኩ።

ተመለሰልኝ።

ሻንጣዬን ፈታሁ። አሁንም እዚያው ነኝ፣ ከሥራ ስገባ እጠራለሁ፣ ይመልስልኛል፣ ደስ ይለኛል ብላችሁስ? አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ የዓሣውን ቀጭን ድምፅ ከዚያች ምሽት ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። የሚመልስልኝ ወፍራሙ ነው፣ ለዓሣውም የመለሰለት እሱ ነበር።