ምንቃሯ ሲቀላ

አስከሬኑን ያገኘችው ልብስ ልታጥብ ወደ ረግረጉ የወረደች ሴት ናት። መጀመሪያ የመሰላት ውሃ ያመጣው አሮጌ ሹራብ ነበር። ጠጋ ስትል ሹራቡ ሽበት አለው።

ሟቿ ቄጠማው ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተዋል። አንድ ጫማቸው ወልቋል። የርቀት መነጽራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ሰፈሩ ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ የለም። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርት ናቸው፤ ልጅ አዋቂው «ቲቸር» ይላቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው በረግረጉ ዙሪያ ይዞራሉ። ይሄ ቅጠል ምን ይባላል፣ ያቺ ወፍ ማን ናት እያሉ ያስተምራሉ። በሌላው ቀን ብቻቸውን ይወጣሉ።

«አዳልጧቸው ነው» አለ ሳጅኑ። «ዕድሜያቸው ገፍቷል። ጭቃው ደግሞ ሳሙና ነው።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሹራቡን ጀርባ ታያለች።

ጭጎጎት ነው። ጥቋቁር፣ መርፌ የመሰሉ ፍሬዎች ከትከሻ እስከ ወገብ ሹራቡን ወረውታል። ጫማው በወለቀው እግር ተረከዝ ላይም ካልሲው ሞልቷል። ደረታቸው ላይ ግን አንድም የለም።

ቀና ብላ ዙሪያውን ቃኘች። ቄጠማ፣ ደንገል፣ ውሃ። ጭጎጎት የሚባል ነገር የለም።

«ሌላ ቦታ በጀርባቸው ወድቀዋል» አለች። «ከዚያ ተጎትተው ነው የመጡት።»

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ አረጋገጠላት። ማጅራታቸው በጠንካራ ነገር ተመትቷል። ጓንቱን እያወለቀ ሌላም ጨመረላት።

«ሳንባቸው ውስጥ ውሃ አለ። ውሃው ውስጥ ሲገቡ ይተነፍሱ ነበር።»

መርማሪዋ ይህችን በሆዷ ያዘች።

ቲቸር የሚኖሩት ከታናሽ እህታቸው ጋር ነው። ሳሎኑ መስኮት ላይ የወፍ ላባዎች ብርጭቆ ውስጥ ቆመዋል። በአሮጌ የስልክ ማውጫዎች መሀል የደረቁ ቅጠሎች ጫፋቸው ብቅ ብሏል። እህትየዋ አላለቀሰችም። ቤቱን ግን ጠርጋ ጠርጋ ወለሉ ያብለጨልጫል።

«ጠላት ነበራቸው?»

«አስተማሪ ጠላት ያጣል? ያልጣለችው ተማሪ የለም እኮ።»

«በዋዜማው ስትጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል።»

«እህትማማች አይጨቃጨቅም?»

«‹ንገሪያቸውና ይውጣልሽ› ብለዋቸዋል አሉ። ምኑን ነው?»

እህትየዋ ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠረገች። ጠረጴዛው ላይ ምንም አልነበረም።

«ዓይኗ መድከሙን። ለቅዳሜ ሰዎቿ ንገሪያቸው ስላት እንቢ አለችኝ።»

መርማሪዋ ውሸት መሆኑን አወቀች። የምን ውሸት እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ሳጅኑ በበኩሉ ነፍሰ ገዳዩን አግኝቷል። ተቋራጩ ነው። ሰፈሩንና ማዶ ያለውን ሆስፒታል የሚለየው ያ ረግረግ ነው። ተቋራጩ ድልድይ ሊሠራበት ምሰሶዎቹን አቁሞ ሳለ ቲቸር ከሌላ ቦታ የጠፋች ብርቅዬ ወፍ ረግረጉ ውስጥ ትፈለፍላለች ብለው ተናገሩ። በሬዲዮ ተነገረ። የከተማው ምክር ቤት ጉዳዩ እስኪጠና ሥራው ይቁም አለ፤ ይኸው ሳይጠና ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ያኔ ተቋራጩ በሰው ፊት ጮሆባቸዋል።

«‹አንድ ቀን እዚያው ረግረግ ውስጥ ትቀሪያለሽ› ብለዋቸዋል» አለችው መርማሪዋ።

«ብያለሁ፣ አልክድም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽ።»

«የሞቱ ዕለት የት ነበሩ?»

«ሌላ ከተማ፣ ኮንክሪት እያፈሰስኩ። ሠራተኞቹን ጠይቂ።» ፂሙን አሻሸ። «ስሚ እህቴ፣ ያ ድልድይ ሲቆም እኔ ሌላ ድልድይ አገኘሁ። ሌላ ያላገኘ ሰው ፈልጊ።»

ሠራተኞቹ ተጠየቁ። እውነቱን ነበር።

መርማሪዋ ከሹራቡ የለቀመችውን ጭጎጎት በትንሽ ፌስታል ቋጥራ የቅዳሜዎቹን ሰዎች በየቤታቸውና በየሥራቸው ጠየቀች።

ጡረታ የወጣችው ነርስ ፌስታሉን ሳትፈታ መለሰች። «ጭጎጎት ነዋ። የድልድዩ ምሰሶዎች ጋ ነው ያለው፣ የተቆፈረው ደረቅ አፈር ላይ። ቲቸር በዚያ አያሳልፉንም። ካልሲያችሁን ስትለቅሙ ቅዳሜ ያልቃል ይሉናል።»

ልብስ ሰፊው ከመኪናው ፔዳል ላይ እግሩን አላነሳም። «ምሰሶዎቹ ስር ነው። አንዴ ገብቼበት ሱሪዬን ጣልኩት። ልብስ ሰፊ ሆኜ፣ አስቢው።»

«ቄጠማው ጋስ?»

«እርጥብ ላይ የት ይወዳል? ይልቅ ፋርማሲስቱን ጠይቂው። ቲቸር ‹የክፍል አለቃዬ› ነው የሚሉት። እሱ ቅጠሉን ዓይኑን ጨፍኖ በጠረኑ ይለየዋል።» መኪናውን አቆመ። «ልቡ ሰፊ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቲቸርን ዓይናቸውን አያይም ነበር።»

«ለምን?»

«ሚስቱ ምጥ የያዛት ባለፈው ክረምት ነው። ሆስፒታሉ ከቤታቸው በረንዳ ላይ ይታያል፤ አምቡላንሱ ግን መንገዱን ዞሮ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ አረፈች። ልጅቷ ተረፈች። ድልድዩ ቢኖር ኖሮ እንግዲህ…»

ልብስ ሰፊው መቀሱን አነሳ።

ፋርማሲው ጠባብና ንጹህ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰው ሰውዬ ለአንዲት አሮጊት «ይሄን ከምግብ በኋላ፣ ይሄን ሲተኙ» እያለ ሁለቴ ደጋገመላቸው። ሲወጡ በሩን ከፈተላቸው። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረ።

«የቲቸር ነገር በጣም ያሳዝናል» አለ።

«መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ፣ ከሁሉም ጋር።»

ፌስታሉን መስታወቱ ላይ አስቀመጠችለት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ጭጎጎት።»

«የት ይበቅላል?»

ፌስታሉን አየው።

«የትም የሚበቅል አረም ነው። ውሃው ዳርም ሞልቷል።»

«ቄጠማው ጋ?»

«ሞልቷል።»

መርማሪዋ ፌስታሏን ኪሷ ከተተች። ነርሷ የምታውቀውን፣ ልብስ ሰፊው የሚያውቀውን፣ የክፍል አለቃው አላወቀውም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ስትል አሰበች።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ሄደን ያሳዩኛል» አለችው።

ጠዋት እሷም ሳጅኑም ሲደርሱ ቀድሟቸው ቆሞ አገኙት። ፂሙን ተላጭቷል። የራሱን የርቀት መነጽር ይዟል። ሳጅኑ ራቅ ብሎ ቀረ፤ ሁለቱ በውሃው ዳር ሄዱ። እሱ መሬቱን እንኳ አያይም። ቲቸር የተገኙበት ቦታ ሲደርሱ ቆመ።

«የለም» አለ። «እዚህ አይበቅልም።»

«አውቃለሁ።»

«እንደሚያውቁማ ትናንትም ገብቶኛል። አፌ ነው ያመለጠኝ። ስለ ቅጠል ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው።»

መነጽሩን ሰጣት። «ከደንገሉ ስር ይመልከቱ። ትንሽ ይታገሡ፣ ትወጣለች።»

መርማሪዋ ጠበቀች። አንዲት ጥቁር ወፍ አንገቷን እያወዛወዘች እየዋኘች ወጣች። ምንቃሯ ደማቅ ቀይ ነው። ከኋላዋ ሦስት አመድማ ወፎች ተከተሏት።

«ጥቁሯ የውሃ ዶሮ ናት» አለ ፋርማሲስቱ። «ኩሬ ባለበት ሁሉ አለች። አመድማዎቹ ልጆቿ ናቸው። ጎናቸው ላይ ነጭ መስመር ይታይዎታል? ምንቃራቸው ገና አልቀላም። በሩቅ፣ በጭጋግ ለሚያያቸው ሰው እናትና ልጅ አይመስሉም። ሌላ ዘር ይመስላሉ።»

መርማሪዋ መነጽሩን ዝቅ አደረገች። «ቲቸር ያዩት ብርቅዬ ወፍ…»

«እንደነዚህ ያሉትን ነው ያዩት። ብርቅዬ ወፍ እዚህ ኖራ አታውቅም።»

ሳትጠይቀው ቀጠለ።

«ሰው ይቅር ያልኳቸው መስሎታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የወጣሁት ለይቅርታ አልነበረም። ከሚስቴ የበለጠችዋ ወፍ ምን እንደምትመስል ማየት ፈልጌ ነው። ኋላ ግን ወደድኩት። አልዋሽዎትም፤ ያን ጊዜ በእግሬ ያቆመኝ እሱ ነው። ጠዋት ፋርማሲውን ሳልከፍት እየመጣሁ ከአመድማዎቹ አንዷን ብቻ አያለሁ። ታነክሳለች፣ በዚያ እለያታለሁ። ስታድግ አየኋት። እያደር ላባዋ ጠቆረ። አንድ ቀን ምንቃሯ ቀልቶ መጣች።»

«ለቲቸር ነገሯቸው?»

«ምሰሶዎቹ ጋ አገኘኋቸው። ብቻቸውን ሲወጡ ከዚያ ሆነው ነው ውሃውን የሚያዩት። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ሄደን እንናገር ይላሉ ብዬ። እሳቸው እጄን ያዙና ‹አንተም አየኸው?› አሉኝ። ቀስ ብለው፣ ሚስጥር እንደተካፈለ ሰው። መቼ ነው ያወቁት አልኳቸው። ከባለፈው ክረምት በፊት ነው አሉኝ።»

«ሚስትዎ…»

«ሚስቴ የሞተችው በክረምቱ ነው።»

የውሃ ዶሮዋ ወደ ደንገሉ ተመለሰች። ልጆቿም ተከተሏት።

«ለምን አልተናገሩም አልኳቸው። ‹ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ ሰው ምን ይለኛል› አሉ። ሰው ምን ይለኛል! ሌላ ምክንያት ቢሰጡኝ ኖሮ… አላውቅም። ገፋኋቸው። ከምሰሶው ስር ኮንክሪቱ ላይ ወደቁ።»

«ከዚያስ?»

«የደም ሥራቸውን ዳሰስኩ፤ አይመታም። ያዳለጣቸው እንዲመስል እየጎተትኩ እዚህ አመጣኋቸው።» ውሃውን እያየ ጠየቃት። «ወዲያው ነው አይደል የሞቱት?»

መርማሪዋ ሐኪሙን አስታወሰች። አዎ ብላ ልትገላግለው ትችል ነበር። ነገ ግን ፍርድ ቤት ሌላ ሰው ያነብለታል።

«አይደለም። የገደላቸው ውሃው ነው። ሲያስገቧቸው ይተነፍሱ ነበር።»

ፋርማሲስቱ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ሁለት እጆቹን አገላብጦ አያቸው።

«እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ። «ለዚያ ነው ምቱን ያጣሁት።»

ማዶ ሆስፒታሉ በር ላይ ሰዎች ሲወጡና ሲገቡ ይታያሉ። ሳጅኑ ካቴናውን ይዞ መጣ። ፋርማሲስቱ ለመነሳት ሲያቅተው ሳጅኑ በብብቱ ይዞ አነሳው።

ቤቱ ሲፈተሽ የሱሪው እጥፋት ውስጥ ጭጎጎት ተገኘ። ሁሉንም ለቅሟል፤ እጥፋቱን ግን ረስቷል።

መርማሪዋ ወደ ቲቸር ቤት ተመልሳ ለእህትየዋ ነገረቻት። እህትየዋ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች።

«እሱን ነው ንገሪያቸው ያልኳት» አለች። «በየቀኑ ነው ያልኳት። እንቅልፍ አልነበራትም። ሁለታችንም አውቀን ሁለታችንም ዝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።»

«እኔንስ ለምን ደበቁኝ?»

«ከሞተች በኋላ ላዋርዳት? በዓለም ላይ አንድ ነገር ነው የነበራት፣ ማወቋ።»

«ያኔ፣ ከክረምቱ በፊት፣ እርስዎ እንኳ ለአንድ ሰው ቢነግሩ…»

«አትጨርሺው» አለች እህትየዋ። «እኔ ስጨርሰው ነው የማድረው።»

ምክር ቤቱ የወፏን ነገር ሲሰማ አንድ ስብሰባ በቃው። ተቋራጩ ተመልሶ መጣ። ገልባጭ መኪኖች በረግረጉ ዳር አፈር መድፋት ጀመሩ። የቅዳሜዎቹ ሰዎች ከዚያ ወዲህ አልወጡም።

የፋርማሲስቱ አማት አንድ ቀን ጣቢያ መጡ። የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ታዝላ ተኝታለች። የቤቱን ቁልፍ ሊወስዱ ነው፤ የልጅቷ ልብስ እዚያ ቀርቷል። መርማሪዋ ወንበር ሳበችላቸው።

«ልጄን ሲቀብር አላለቀሰም» አሉ። «‹እማዬ፣ አንድ ሰው ብቻ ጥፋቱ የኔ ነው ቢለኝ ይወጣልኛል› ይለኝ ነበር። ሴትዮዋ አምነውለት የለ?»

«አምነውለታል፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ቀረው?»

መርማሪዋ ቁልፉን ከመሳቢያ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። አማትየው ቁልፉን መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ። ሊነሱ ሲሉ ተመልሰው ተቀመጡ።

«እስር ቤቱ የት ነው?»

«ማዶ ነው እማማ። ከሆስፒታሉ ትንሽ ከፍ ብሎ።»

«ልጅቷን አዝዬ በእግሬ ያስኬደኛል?»

«አሁን ዙሪያ ጥምጥም ነው። ድልድዩ ሲያልቅ ቅርብ ነው» አለች መርማሪዋ።

አማትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። የተኛችውን ልጅ ከፍ አድርገው አመቻችተው አዘሉና ወጡ።