ሰማይ ላይ ያለ ስንቅ

«ምግቡስ፣ ቲቸር? ምግቡ አይበላሽም?» አለች ሀጀራ።

መምህር ምናለ ጠመኔውን እንደያዙ ዞር አሉ። ማታ በራዲዮ የሰሙትን ጠዋት ለስምንተኛ ክፍል መንገር ልማዳቸው ነው። ሰሌዳው ላይ የሣሉት አሜሪካኖች በዚያ ሳምንት ወደ ሰማይ የላኩትን ስካይላብ የሚባል ትልቅ ቤት ነበር። ቤቱ ሲወነጨፍ የፀሐይ መከላከያው ተገንጥሎ ውስጡ እንደ ምድጃ ግሏል። ሊኖሩበት የተዘጋጁት ሦስት ሰዎች ገና ምድር ላይ ናቸው።

«እነሱም የሚፈሩት እሱን ነው» አሉ መምህሩ። «የብዙ ወር ምግብ ተጭኖበታል። ሙቀቱ እንዳያበላሸው ሰግተዋል።»

«ሰው ሳይኖርበት?»

«ሰው ሳይኖርበት።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ሌላ ማንም አልሳቀም። ከመስኮቱ ማዶ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ድርቁ አባሯቸው ከቆላ የወጡ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ቀስ እያሉ ያልፋሉ።

ከሀጀራ አጠገብ የተቀመጠችው ይታይሽ እጇን አወጣች። «ራዲዮው ስለ እኛስ ምን አለ?»

መምህር ምናለ ሄደው መስኮቱን ዘጉት። «ምንም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ውጭ ደግሞ እንዲህ ብለሽ እንዳትጠይቂ።»

ይታይሽና ሀጀራ ከወግዲ ገጠር መጥተው፣ መካነ ሰላም ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ስንቃቸው ከቤት ይመጣላቸው ነበር። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ የሀጀራ ስንቅ ተቋረጠ። የይታይሽ አባት አቶ ቢተው ግን ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ አስቆልተው፣ በሶ አስፈጭተው አመጡላት።

«የመጨረሻው ነው ልጄ» አሏት። «ሚኒስትሪሽን ተፈተኚበት። እስከዚያ እንዳትመጪ። ብትመጪም የምንሰጥሽ የለንም።»

ሀጀራ በሶውን አልነካም አለች። «አክስቴ ዘይነባ ጋ እበላለሁ እኮ። ወላሂ ጠግቤያለሁ!» ትላለች፣ ከትምህርት መልስ ዘግይታ በመጣች ቁጥር። ይታይሽም ታምናታለች። ማመኑ በሶውን ያበረክተው ነበር።

የዚያን ቀን ማታ ሀጀራ በከሰል ግድግዳው ላይ ስካይላብን ጨመረች። ከዚያ በፊት የሣለቻቸው በዓመታቸው ተደርድረዋል። በ1950 ስፑትኒክ፣ በዚያው ዓመት ላይካ የምትባለው ውሻ፣ በ1953 ጋጋሪን፣ በ1955 የመጀመሪያዋ ሴት ተሬሽኮቫ፣ በ1961 ጨረቃ ላይ የቆሙት ሰዎች።

«ይቺ ውሻ ግን አንጀቴን ትበላዋለች» አለች ሀጀራ። «መመለሻ ሳያዘጋጁላት ላኳት።»

«ቲቸር ምግብ አስቀምጠውላት ነበር ብለዋል እኮ።»

«ምግብ ምን ያደርግላታል፣ ብቻዋን!»

ይህን ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይታይሽ ሰማች። ደክሟት ነው ብላ ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

የሚኒስትሪ ፈተናው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው መምህር ምናለ እየተቻኮሉ ክፍል ገቡ። «ዘረጉት!» አሉ። «ሰዎቹ ስካይላብ ደርሰው እንደ ጃንጥላ ያለ ጥላ በላዩ ዘርግተውበታል። እየቀዘቀዘ ነው!»

ተማሪው አጨበጨበ። ሀጀራም ለማጨብጨብ እጇን አነሳች። እጆቿ ሳይገናኙ ወደ ይታይሽ ዘንበል አለችና ከወንበሩ ወደቀች።

ተሸክመው ክሊኒክ ወሰዷት። ድሬሰሩ እጅጌዋን ሰብስቦ ክንዷን አየና «ይቺ ልጅ ከበላች ስንት ጊዜዋ ነው?» አለ።

«አክስቷ ጋ ትበላለች!» አለች ይታይሽ። ወዲያው አክስቷን ልትጠራ ሮጠች።

የዘይነባ በር በቁልፍ ተቆልፎ ደጃፉ ላይ አቧራ ተከምሯል። ጎረቤቷ ሀሊማ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ። «ዘይነባን ነው? እሷማ ልጆቿን ይዛ ደሴ ከገባች ሰነበተች። ያቺ የወንድሟ ልጅ ግን ሁልጊዜ ትመጣለች። እዚህ ደጃፍ ተቀምጣ ትቆይና ተነሥታ ትሄዳለች። ግቢ ብላት እንኳ ጠግቤያለሁ ትለኛለች።»

ይታይሽ ወደ ደጃፉ ዞረች፤ አቧራው ላይ የመቀመጫ ምልክት አለ። ለካ ስትዘገይ እዚህ ነበረች። አንድ ቀን እንኳ «ዛሬ ምን በላሽ?» ብላ አልጠየቀቻትም። ብትጠይቅ ምን እንደምትሰማ ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም።

የቀረችውን በሶ በውሃ በጥብጣ ክሊኒክ ተመለሰች። ሀጀራ ሁለቴ ተጎነጨችና ሁሉንም አስመለሰችው።

«ሆዷ አልቀበልም ብሏል» አለ ድሬሰሩ። «እኔ ጋ ምንም መድኃኒት የለም። ደሴ ሆስፒታል ካልደረሰች…»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ደሴ የሚሄድ አንድ የጭነት መኪና ብቻ ተገኘ። ያለቁት ከብቶች ቆዳ እስከ ላይ ተጭኖበታል። መምህር ምናለ ሀጀራን አቅፈው መኪናው ወደቆመበት የትምህርት ቤቱ በር አመጧት። ይታይሽ እስክሪብቶዋን ይዛ ተከተለቻቸው። የፈተናው ደወል ሊደወል ነው።

ሾፌሩ አራጌ ሀጀራን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ያለ አስታማሚ አልጭንም፣ ጌታዬ። መንገድ ላይ ብትሞትብኝ ለማን አስረክባታለሁ?»

«እኔ ፈታኝ ነኝ፣ ጥዬ መሄድ አልችልም። ትንሽ ታገሰኝ፣ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ፀሐዩ ሳይከር አቀስታን ማለፍ አለብኝ። አሁኑኑ ነው የምነሣው።»

ደወሉ ተደወለ። መምህር ምናለ ወደ ይታይሽ ዞሩ። «አንቺ ግቢ። ሩጪ! ይህ ፈተና ካመለጠሽ እንደገና አንድ ዓመት ነው። አባትሽ የዘሩን ገብስ ነው የሰጠሽ።»

«አውቃለሁ» አለች።

አባቷ ታዩዋት፤ ባዶ ስልቻቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ወግዲ ሲመለሱ።

እስክሪብቶዋን ለመምህሩ ሰጠቻቸው። «አባቴ ሲመጣ ምንም አይንገሩት፣ ቲቸር። እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»

መምህር ምናለ እስክሪብቶውን ኪሳቸው ከተቱት። ይታይሽ ቆዳው ላይ ወጣች። መምህሩም ሀጀራን ከታች አንሥተው አቀበሏት። ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

«ውረጂ» አለች ሀጀራ፣ ድምፅዋ ከሞተሩ በታች ሆኖ። «አፈር ስሆን፣ ውረጂ።»

ይታይሽ ነጠላዋን አውልቃ የሀጀራን ፊት ከንፋሱ ጋረደች። በአንድ እጇ ጭነቱ የታሰረበትን ገመድ፣ በሌላው የሀጀራን ወገብ ያዘች። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ተማሪዎቹ ተሰልፈው ወደ ክፍል ሲገቡ ከላይ ይታዩ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ የጋቢናውን ጣሪያ በጡጫዋ መታች።

«ጋሼ አራጌ! ውሃ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ያቁሙልን!»